የቆርቆሮ ሰርቪስ ስቱዲዮ ሲሆን

(ድምፅ፦ ዶፍ ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፤ ለ10 ሰከንድ ይሰማና ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አሁን የሰማችሁት ድምፅ ለሐዋሳ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ከበልግ እስከ ክረምቱ መውጫ ዝናቡ ሲመላለስ፣ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ካለው ጋር እንኳ ካልጮኸ አይግባባም። የዛሬው ትምህርታችን እዚያው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። በግቢያችሁ ጥግ የቆመችውን፣ አሮጌ ዕቃ የሚታጨቅባትን የቆርቆሮ ሰርቪስ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ለማድረግ ምን ያስፈልጋል? ምንስ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም?

ጉዳዩን የጥቂት ወጣቶች ትርፍ ፍላጎት አድርጋችሁ እንዳታዩት። ዛሬ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድና አንድ ደህና ማይክ ያለው ሰው ዘፈን፣ መዝሙር፣ ተረት ወይም የመጽሐፍ ትረካ መቅረጽ ይችላል። በከተማችን ደግሞ ሊቀረጽ የሚገባው ብዙ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቅርሱ የሚኖረው ግን በሰው ድምፅ ውስጥ ነው። በበዓሉ ዕለት በጉዱማሌ አደባባይ የሚሰማው ዜማ በየዓመቱ በካሜራ ይቀረጻል፤ አያቶች ቤት ቁጭ ብለው የሚያወጉትን፣ የዘር ሐረጉን፣ የከዋክብቱን አቆጣጠር፣ የእንሰቱን አያያዝ ግን በጥራት የቀረጸ ጥቂት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ያንን ወግ ከባጃጅ ጩኸት ነጥሎ የሚቀርጽ ክፍል ቢኖራቸው እጅግ ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ከሁሉ በፊት የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ድምፅን ማገድ ነው። የባጃጁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንና የዝናቡ ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ የእናንተም ከበሮና ድምፅ ማጉያ ጎረቤት እንዳይረብሽ ማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው ድምፅን መምጠጥ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የወጣው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንዳያስተጋባ ማድረግ። ለሁለቱ የሚያገለግለው ዕቃ አንድ አይደለም። የሚያግደው ከባድና ድፍን ነገር ነው፤ የሚመጥጠው ደግሞ አየር የሚያሳልፍ፣ ለስላሳና ወፍራም ነገር። በየቤቱ የሚታየው ኪሳራ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ሰው ድምፅ አግዳለሁ ብሎ ድምፅ የሚመጥጥ ዕቃ ይገዛል፤ ግድግዳውን በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ያለብሳል፤ ማታ ጎረቤት መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ግራ ይገባዋል።

ይህን በጆሯችሁ የምታረጋግጡበት፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ አለ። ስልካችሁ ላይ ዘፈን ክፈቱና በወፍራም ትራስ ጠቅልሉት። ድምፁ ይታፈናል እንጂ አይጠፋም፤ ዜማውን በደንብ ትለዩታላችሁ። ከዚያ ያንኑ ስልክ ወፍራም የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከታች ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። የሸክላ ክዳኑን ግጠሙና ዙሪያውን በሊጥ ምረጉት። በመጨረሻም ከሊጡ ላይ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ በቢላ ጫፍ ክፈቱ።

(ድምፅ፦ ዘፈን በትራስ ተጠቅልሎ፤ ቀጥሎ በተመረገ ድስት ውስጥ፤ ቀጥሎ ቀዳዳው ሲከፈት)

ሰማችሁ? ድስቱ ከትራሱ የበለጠው በክብደቱና በድፍንነቱ ነው። ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ የሸክላውን ውለታ ባንድ ጊዜ ከንቱ አደረገችው። ስሌቱም ይህንኑ ይናገራል፦ ከግድግዳው ስፋት ከመቶ አንድ እጅ የሚሆን ክፍተት ካለ፣ ቀሪው ጥርብ ድንጋይ ቢሆንም እንኳ በጠቅላላው የሚቀነሰው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል አይዘልም። በቆርቆሮ ሰርቪስ ውስጥ ስንት ክፍተት እንዳለ አስቡት። የቆርቆሮው ሽንሽን ከሞራሌው ጋር በሚገናኝበት፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ከላሜራው በር በታች፣ ምስማር ተነቅሎ በቀረበት ሁሉ አየር ይገባል። አየር በገባበት ድምፅም ይገባል።

አሁን ደግሞ ቆርቆሮውን እንመዝነው። 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ገበያ ላይ ከዚህ የሳሳም ሞልቷል። የክብደት ሕግ የሚባለው የድምፅ ሳይንስ ደንብ እንደሚለው፣ የግድግዳው ክብደት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚያግደው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት ያ ቆርቆሮ መካከለኛ የሆነውን የ500 ሄርዝ ድምፅ የሚቀንሰው በ17 ዴሲቤል አካባቢ ብቻ ነው። የከበሮንና የቤዝ ጊታርን ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከዚያም ባነሰ።

ስንት ያስፈልገናል ታዲያ? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ይቆጥረዋል። በአገራችን የወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከበሮና ኪቦርድ የሚጫወቱበት ክፍል 95 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ከ95 ላይ 17 ብትቀንሱ ከቆርቆሮው ውጭ 78 ይቀራል፤ ለሌሊት ከተፈቀደው በ33 ይበልጣል። የዴሲቤል መለኪያ አታላይ ስለሆነ ቁጥሩን አትናቁት። አሥር ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ የሚኖርበት ብዙ ቦታ አለ። ከግድግዳው ማዶ ሕፃን የምታስተኛ እናት፣ ለፈረቃ ሌሊት የምትነሣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ልትኖር ትችላለች። ለባንድ የሚሆን ስቱዲዮ 50 ዴሲቤል የሚቀንስ ግድግዳ የሚፈልገው ለእነዚህ ሰዎች ሲባል ነው።

የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴነር ያላችሁ በመጠኑ ትሻላላችሁ። የኮንቴነር ብረት ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በካሬ ሜትር ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በሩም በጎማ የታሸገ ነው። ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ስለ እንቁላል ካርቶን ብዙ አልቆይም። ክብደት ስለሌለው ድምፅ አያግድም፤ ስስ ስለሆነም የሚመጥጠው ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂቱን ነው። ስለ ስፖንጅ ግን በጥብቅ የምናገረው አለኝ። የፍራሽ ስፖንጅ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ሲነድ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት አንድ የምሽት ክለብ ውስጥ መድረኩ ላይ የተለኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጥሎ 100 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ደግሞ በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ በሚገኝ ክለብ፣ እንዲሁ በርችት ተነሥቶ ጣሪያው ላይ በተለጠፈ ስፖንጅ በተዛመተ እሳት 242 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። የእኛ ስቱዲዮ ትንሽ ነው፤ ርችትም የለም። ግን አንድ በር ብቻ ያለው፣ መስኮት የሌለው፣ ከአንድ ሶኬት አምስት ገመድ የሚጎተትበት ክፍል ነው። እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን በስፖንጅ በተለበጠ ቆርቆሮ ውስጥ አትዝጉባቸው።

መፍትሔው ቆርቆሮውን ከማከም ይልቅ ሌላ ሥራ መስጠት ነው። ቆርቆሮው ዝናብና ፀሐይ ይከላከል፤ ድምፁን የሚያግድ ሌላ ክፍል በውስጡ ይሠራ። አራት በአምስት ሜትር የሆነ ሰርቪስ ቢኖራችሁ፣ ከቆርቆሮው 20 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብላችሁ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ብታቆሙ፣ ወደ 3.3 በ4.3 ሜትር የሚጠጋ ክፍል ይቀራችኋል። ለአንድ ዘፋኝና ለሁለት ተጫዋች ይበቃል።

ግድግዳው ከምን ይሁን? እዚህ ላይ በሩቅ አገር የሚታተሙ መመሪያዎች ውድ ዕቃ ይዘረዝራሉ። እኛ ግን እጃችን ላይ ያለውን እንይ። በባሕር ዛፍ እንጨትና በማገር ተዋቅሮ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ 15 ሴንቲሜትር ግድግዳ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከቆርቆሮው ወደ ሰባ እጥፍ መሆኑ ነው። ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ተነሥቶ ስድስት ጊዜ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ ከ30 ዴሲቤል በላይ ያስጨምራል። በተግባር ጥቂቱ በየስንጥቁ ቢባክን እንኳ ከምንፈልገው 50 ብዙም አይርቅም። አያቶቻችን ለሙቀትና ለብርድ ብለው የሠሩት የጭቃ ቤት ለድምፅም የተመቸ መሆኑን ስቱዲዮ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ቢያውቁ ስንት ብር በተረፋቸው።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሦስት ሜትር ርዝመትና 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ 1,400 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ ድንጋዩ ምስጥንም ያርቃል። ምርጉ ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም። ስንጥቁ በሁለተኛና በሦስተኛ ልቅላቂ መደፈን አለበት፤ አለበለዚያ የድስቱ ቀዳዳ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሥራውን በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አድርጉት። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ማይክና ላፕቶፕ ማስገባት ዕቃውን መግደል ነው። ጭቃው ቆርቆሮውን እንዲነካም አትፍቀዱ። አንደኛ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ሁለተኛ፣ ሁለቱ ከተነካኩ ንዝረት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሻገራል። መሐል ላይ ያለው ክፍተት ዋጋ የሚኖረው በምስማርም በሞራሌም ሳይያያዝ ሲቀር ነው።

ብሎኬት የምትመርጡም ትኖራላችሁ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀላልና ቀዳዳው በበዛ ድንጋይ የሚሠራ ብሎኬት አለ። ለፎቅ ሸክም ያቃልላል፤ ለስቱዲዮ ግን ሳይለሰን ከቀረ ድምፅ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ከባዱን ምረጡ፣ ጉድጓዱን በደረቅ አሸዋ ሙሉት፣ ሁለቱንም ወገን በሲሚንቶ አስለስኑት። ልስኑ እዚህ ላይ ለውበት አይደለም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ኮርኒሱ ከሁሉ ይከብዳል። ግድግዳ እንደልብ ማክበድ ይቻላል፤ ከራስ በላይ የሚሰቀል ነገርን ግን አይቻልም። የተለመደው የአቡጀዲ ኮርኒስ ድምፅን ጨርሶ አያቆምም። ጠንካራ ሞራሌ በአዲሶቹ ግድግዳዎች ላይ አጋድማችሁ፣ ሁለት ድርብ ጂፕሰም ቦርድ ወይም ቺፑድ ምቱበት፤ የአንዱ መገጣጠሚያ ከሌላው ላይ እንዳይውል አድርጉ። ሁለት ድርብ ጂፕሰም በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዋናው ነገር ኮርኒሱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ከተንጠለጠለ እያንዳንዷ የዝናብ ጠብታ በእንጨቱ ወርዳ ማይካችሁ ውስጥ ትገባለች።

ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ልጨምር። ቆርቆሮ የሚጮኸው ቀጭንና የተወጠረ ስለሆነ ነው፤ ጠብታው ሲመታው ይርገበገባል። በደጋው ሲዳማ በቀርከሃ ተሸምኖ በተሠራው ባህላዊ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ የገባ ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ ክዳኑ ጠብታውን ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ከቆርቆሮው በላይ ወፈር ያለ የሣር ክዳን መደረብ የዝናቡን ድምፅ ከምንጩ ይገድለዋል። ግቢው የእሳት ሥጋት የሌለበት፣ ሣሩንም በየጊዜው የሚጠግን ሰው ያለበት ከሆነ ይህ ከማንኛውም የውስጥ ሥራ ይበልጣል። ያ ካልሆነ፣ ዶፍ ሲወርድ ቅረጻ ማቆም የግድ ነው። ድርብ ኮርኒስ ካፊያን ይቋቋማል፤ የክረምት ዶፍን ግን ሙሉ በሙሉ አይችለውም።

በር ሁለት ይሁን፤ አንዱ በቆርቆሮው፣ አንዱ በውስጠኛው ግድግዳ። የውስጠኛው ድፍን እንጨት ሆኖ ዙሪያውን ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ይታሸግ፤ ከታችም ደፍ ይኑረው። ማታ ውስጥ መብራት አብርታችሁ ከውጭ ዙሩት። የብርሃን ጭረት የታየበት ቦታ ሁሉ ገና አልተደፈነም።

እንዲህ ከታሸገ በኋላ ግን አየርስ? የክፍሉ ይዘት 34 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ ሰዓት ቢቀመጡበት የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ከውጭው አየር ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ራስ ምታቱና እንቅልፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ዘፋኝ ደግሞ ከተቀመጠ ሰው የበለጠ ይተነፍሳል። በሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮው ሲግል ሙቀቱ ይታከልበታል። ስለዚህ ሁለት የአየር መንገድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከታች ማስገቢያ፣ ሌላው በተቃራኒው ወገን ከላይ ማስወጫ። ቀጥተኛ ቀዳዳ አታድርጉት። ከወፍራም ቺፑድ ረዘም ያለ ሣጥን ሠርታችሁ ውስጡን ሦስት አራት ጊዜ በሚታጠፍ መንገድ ክፈሉት፣ የሣጥኑን ግድግዳ በወፍራም ጨርቅ አልብሱት። አየር እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ድምፅ ግን በየመታጠፊያው ይዳከማል። ቀስ ብሎ የሚዞር ትንሽ የአየር ማስወጫ ማራገቢያ ጫፉ ላይ ብታደርጉ ይበልጥ ይረዳል።

ቡና የሚፈላበት ከሰል እዚህ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ። ረጅም የቅረጻ ቀን ያለ ቡና እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንዲህ በታሸገ ክፍል ውስጥ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡናው ግቢ ውስጥ ይፍላ። ጄኔሬተርም ካለ ከአየር ማስገቢያው ይራቅ።

አሁን ወደ መምጠጡ ሥራ እንለፍ፤ ጨርቅና ጥጥ ተራቸው ደረሰ። ባዶው ክፍል መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። «ትርርር» የሚል ፈጣን ማስተጋባት ከሰማችሁ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። የክፍሉ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ እኩል አለመሆናቸው ለወፍራም ድምፅ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱም ሦስት ሦስት ሜትር ቢሆኑ 57 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሦስቱም አቅጣጫ ይደራረብና ከበሮው ሲመታ ክፍሉ ያገሳል። በእኛ ልክ ግን 40፣ 52 እና 71 ሄርዝ አካባቢ ይከፋፈላል። በገናን ወይም ቤዝ ጊታርን የቀረጸ ሰው የዚህን ጥቅም ይረዳዋል።

ለመምጠጥ የሚሆን ፓነል አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። አሥር ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው የእንጨት ፍሬም፣ ውስጡ ጥጥ ወይም ከልብስ ሰፊዎች የሚገኝ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ፊቱ ላይ አቡጀዲ። ጨርቁን አትጠቅጥቁት፤ አየር ሊያልፍበት ይገባል። ከግድግዳው ሌላ አሥር ሴንቲሜትር አርቃችሁ ስቀሉት፤ ያ ክፍተት በነፃ የሚገኝ ውፍረት ነው፣ ከ400 ሄርዝ ጀምሮ ያለውን ድምፅ በደንብ እንዲይዝ ያደርገዋል። በማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ በእጥፍ ወፍራም አድርጉት፤ ወፍራም ድምፅ የሚከማቸው እዚያ ነው። ጥጥም ይነዳልና የኤሌክትሪክ ገመድ በፓነል ውስጥ አይለፍ። ግድግዳውን በሙሉ አትሸፍኑ፤ ግማሹ ይበቃል፤ ሁሉም ከተሸፈነ ክራሩም የሰው ድምፅም ሕይወት ያጣል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ገንዘቡ የሌላችሁ አድማጮች ተስፋ አትቁረጡ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን አልበም የቀረጸው በስቱዲዮ ሳይሆን አዲስ አበባ በሚገኘው የግዮን ሆቴል ክለብ ውስጥ ነው፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይደመጣል። ሥራችሁ ትረካ ወይም የአዛውንቶች ወግ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ይለወጣል። የተለመደ ንግግር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ቆርቆሮው 17 ቢቀንስለት እንኳ ከሌሊቱ 45 በታች ይወርዳል። ጎረቤት አይረበሽም፤ የሚቀረው ከውጭ የሚገባው ብቻ ነው። ማይኩን ከአፍ 60 ሴንቲሜትር ከማራቅ 15 ላይ ብታደርጉት የተናጋሪው ድምፅ በ12 ዴሲቤል ይጎላል፣ የውጩ ግን ባለበት ይቀራል። ከተናጋሪው ጀርባና ግራ ቀኝ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በገመድ አንጠልጥሉ። ክፍተቶቹን ድፈኑ። ቅረጻውን ባጃጁ ከቆመ በኋላ፣ የንጋት ጸሎትና አዛን ከመጀመሩ በፊት አድርጉት። የተቀረጸውን ስታቀናብሩም በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

በሚቀጥለው ሳምንት ማይክ ለክራር፣ ለበገናና ለከበሮ እንዴት እንደሚቀመጥ በድምፅ ማሳያ እናያለን። ሙከራውን በድስትና በሊጥ የሠራችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ በተለይ ቀዳዳውን እያሰፋችሁ ስትሄዱ የሰማችሁትን።